ሥዕሉን ተዪው፣ ግራ እጅሽን ስሚ
የአንባብያን ጥያቄና የፒያኖ መምህሩ መልስ

ያለፈው ዕትማችን የሊቱዌኒያዊውን የሙዚቃ ደራሲና ሠዓሊ የቹርሊዮኒስን 150ኛ የልደት ዓመት በሁለት አንቀጽ ካነሣ ወዲህ፣ ስለ እሱ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ወደ ጎን ገፍተውታል። ስለ ጊታር ክር የጠየቃችሁኝ እስከሚቀጥለው ዕትም ታገሡኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ፒያኖ በመማር ላይ ያለሁ ወጣት ነኝ። መምህሬ ለዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት የቹርሊዮኒስን አንድ ፕሪሉድ፣ ማለትም አጭር የፒያኖ ሥራ፣ መረጡልኝ። ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ስልቱ ማይነር፣ ማለትም ሐዘን ሐዘን የሚል ነው። ግራ እጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱን ሐረግ ይደጋግማል፤ ቀኝ እጄ በላዩ ላይ አጭር ዜማ ይጀምርና ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ኖታውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስጫወተው ግን ድርቅ ይልብኛል። መምህሬ «ሰውየው ሠዓሊ ነበር፤ ባሕር እያየሽ ተጫወቺው» ይሉኛል። ባሕሩን አስባለሁ፤ የሚለወጥ ነገር የለም። በዚያ ላይ ገና ጀመረ ስል ያልቃል። ሳይጨርሰው የተወው ሥራ ይሆን እንዴ? (ሰ.፣ የፒያኖ ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርሽን አልነቅፍም። የባሕሩ ምክር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሚካሎዩስ ኮንስታንቲናስ ቹርሊዮኒስ 300 የሚጠጉ ሥዕሎች ትቶ ያለፈ ሰው ነው፤ የሙዚቃ ሥራዎቹም ረቂቆቹ ተቆጥረው ወደ 400 ይደርሳሉ። በ1908 የሣለው «የባሕር ሶናታ» ሦስት ሥዕሎች አሉት፤ እነርሱንም አሌግሮ፣ አንዳንቴ፣ ፊናሌ ብሎ እንደ ሙዚቃ ክፍሎች ሰይሟቸዋል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ ግዙፍ ማዕበል ትንንሽ ጀልባዎችን ሊውጥ ተነሥቷል፤ በማዕበሉ አረፋ ውስጥም የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተሸሽገዋል። ይህን ያየ ሰው ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ውኃ ቢታየው አይፈረድበትም።

ነገር ግን የሰውየውን ሕይወት ቅደም ተከተል ተመልከቺ። በ1875 ሴኖዪ ቫሬና በተባለች መንደር ተወለደ፤ ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ድሩስኪኒንካይ ወደተባለችው ከተማ ተዛወረ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ፤ ከዘጠኙ ልጆቻቸው የበኩሩ እሱ ነው። ከ1889 እስከ 1893 በፕሉንጌ፣ በልዑል ሚካል ኦጊንስኪ የኦርኬስትራ ትምህርት ቤት ተምሮ ፍሉት ተጫወተ። ከዚያም በልዑሉ ድጋፍ ከ1894 እስከ 1899 በዋርሶ፣ ከ1901 እስከ 1902 ደግሞ በጀርመን በላይፕዚግ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ተማረ። ዋርሶ ውስጥ የሥዕል ትምህርት ቤት የገባው በ1904 ነው፤ ያኔ 28 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ብድሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሥዕሎቹ ከሙዚቃ ተበደሩ እንጂ ሙዚቃው ከሥዕል አልተበደረም። ሶናታ፣ ፕሪሉድ፣ ፊውግ እያለ በሙዚቃ ቅርጾች ስም ያወጣላቸው ሥዕሎቹን ነው። በሙዚቃው ባሕር ሲያሻው ደግሞ ባሕር ብሎ ይጽፋል፤ ከ1903 እስከ 1907 የደከመበት ለኦርኬስትራ የተጻፈው ሥራው ስሙ «ባሕር» ነው፤ ከእሱ በፊት የጻፈውም «በጫካ ውስጥ» ይባላል። በ1908 ለፒያኖም ትንንሽ የባሕር ገጽታዎችን ጽፏል። አንቺ የያዝሽው ገጽ ላይ ያለው ግን «ፕሪሉድ» የሚል ርእስና ኖታው ብቻ ነው። ባሕር ማለት ቢፈልግ ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

የድርቀቱን ነገር ልንገርሽ። ምንጩ የምናብ እጥረት አይደለም፤ ግራ እጅሽ ነው። ይህን የመሰለ ገጽ ይዘውልኝ የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ። ዜማውን የያዘው ቀኝ እጅ ስለሆነ እሱን ጌታ፣ ግራውን ሎሌ ያደርጉታል። ቀኙ ሲያመነታ ግራው ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀኙ ሲጮኽ ግራው አብሮ ይጮኻል። በፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ በቾፒን ኖክተርን (የሌሊት ዜማ) ይህ በመጠኑ ያስኬዳል። በቹርሊዮኒስ የኋለኞቹ ፕሪሉዶች ግን አያስኬድም። ከ1904 ገደማ ወዲህ በጻፋቸው በብዙዎቹ ውስጥ ግራ እጅ ላይ አጭር ሐረግ ያስቀምጥና ሳይታክት ይደጋግመዋል፤ ሙዚቀኞች ኦስቲናቶ የሚሉት ይህን ነው። በላዩ ያለው ዜማ ደግሞ የራሱ ርዝመት አለው፤ ከታች ያለውን አይጠብቅም፣ አይከተልምም። ለምሳሌ የግራው ሐረግ አምስት ኖታ፣ የቀኙ ዜማ ስምንት ኖታ ቢሆንና ኖታዎቹ እኩል ቢረዝሙ፣ ሁለቱ እንደገና እኩል የሚነሡት ከአርባ ኖታ በኋላ ነው። በመካከሉ ዜማው በተመለሰ ቁጥር ከሐረጉ ሌላ ቦታ ጋር ይገጥማል። ቅድም ያለ ችግር የተስማማው ድምፅ አሁን ይጎረብጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ይለሰልሳል። አንድም ኖታ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሁሉ ይለወጣል። አንቺ ግን ግራው ቀኙን እንዲጠብቅ ስታደርጊ ጉርባጤውንም ልስላሴውንም ታጠፊዋለሽ፤ የሚተርፍሽ ባዶ ድግግሞሽ ነው። እንዴት አይደርቅ!

ይህን አጻጻፍ ከየት አመጣው ብትዪ፣ መጀመሪያ የማስበው ኦርጋኑን ነው። ገና ልጅ ሳለ በድሩስኪኒንካይ ቤተ ክርስቲያን አባቱን እየተካ ይጫወት ነበር። ኦርጋን የለመደ ሰው እግሩ አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ እጁ ሌላ መስመር ይዞ ሲጓዝ አይደነግጥም። ቀጥሎ ላይፕዚግ አለ። በዚያ ካርል ራይነከ ድርሰት፣ ሳሎሞን ያዳስሶን ኮንትራፑንክት (የተለያዩ ዜማዎችን አብሮ የማስኬድ ጥበብ) አስተማሩት፤ አንዱ መስመር የሌላውን ዜማ እየተቀበለ የሚሄድባቸውን ካኖንና ፊውግ እየጻፈ እጁን አፍታታ። የከተማዋን ቋንቋ በቅጡ ስለማያውቅ ብቸኝነቱ ከባድ ነበር፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ያን ያህል የጻፈው። ሦስተኛው ምንጭ የሊቱዌኒያ ሕዝብ ዘፈን ነው። ዋርሶ ውስጥ የሊቱዌኒያውያንን መዘምራን ይመራ ነበር፤ ብዙ የሕዝብ ዘፈኖችንም ለመዘምራን አዘጋጅቷል። የእነዚህ ዘፈኖች ዜማ አጭር ነው፤ ድምፁ ሩቅ አይወጣም፣ ሩቅ አይወርድም፤ ጥቂት ኖታዎችን እየዞረ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የቀኝ እጅሽ ዜማ ለምን እየጀመረ እንደሚያቆም አሁን ገባሽ? የሚዘፍን ሰው ነው፤ ትንፋሽ ይወስዳል። ግራው ግን ትንፋሽ አያስፈልገውም።

ወጣት ሳለሁ ቪልኒየስ ውስጥ ተምሬያለሁ፤ ከተማዋ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች። መምህርቴ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። ከእነዚህ ፕሪሉዶች አንዱን ስጫወት ቀኝ እጄን ከፒያኖው ላይ አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡትና ወደ መስኮቱ ሄዱ። በግራ እጄ ብቻ እስከ ገጹ መጨረሻ ተጫወትኩ። «አሁን ይህን መስማት የሚፈልግ ሰው አለ?» አሉኝ። እኔ ራሴ መስማት አልፈለግሁም ነበር። የሚቀጥለው ትምህርታችንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም በግራ እጅ ብቻ አለፈ። ስለ ሥዕል አንድም ቀን አላነሡልኝም፤ የሥዕሎቹ ሙዚየም ግን ካውናስ ውስጥ በባቡር የሚደረስበት ቦታ ነበር።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ግራ እጅሽን ለብቻው ውሰጂና ከሐረጉ ውስጥ የትኛው ኖታ ክብደት እንዳለው ፈልጊ። ሁሌ የመጀመሪያው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሐረጉ ሌሎች ኖታዎች የራቀው ዝቅተኛው ወይም ከፍተኛው ድምፅ ነው። እሱን በጣትሽ ሳይሆን በክንድሽ ክብደት ንኪው፤ ሌሎቹን አቅልያቸው። ምት የሚቆጥርልሽን ሜትሮኖም ለሁለትና ለሦስት ቀን ብቻ ተጠቀሚበት፣ ከዚያ ዝጊው። ግራው ብቻውን ሲጫወት የሚሰማ ነገር ሲሆን ቀኙን በጣት አትጨምሪ፤ በአፍሽ አዚሚው። ድምፅሽ ያምራል አያምርም የሚል የለም። እያዜምሽ ግራ እጅሽ ከተንገዳገደ ገና ነው። ካልተንገዳገደ ያኔ ቀኝ እጅሽን አምጪ፤ ትንፋሽ የወሰድሽባቸውን ቦታዎችም በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸው፣ እጅሽም በዚያው ቦታ ይነሣል።

ፔዳሉን ሜዠርን ከሜዠር፣ ማለትም አንዱን የምት ክፍል ከሌላው፣ በሚለየው መስመር ሁሉ አትቀይሪ። የሜዠሩ መስመር ለዓይን የተሠመረ ነው፤ ፔዳል ለጆሮ ነው። የታችኛው ድምፅ ሲለወጥ ቀይሪው፤ ካልተለወጠ ግማሽ አንሥተሽ መልሺው። ሐረጉ ሲደጋገም ድምፅ በድምፅ ላይ ስለሚከመር፣ አንድ ጊዜ ረግጠሽ ከተውሽው ገጹ በሙሉ ይደፈርሳል። ባሕር ባሕር የሚሸት አጨዋወት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከምናብ ሳይሆን ከተረሳ እግር።

ስለ ድምፁ መጠንም አንድ ነገር ልጨምር። ዝግጅቱ በትልቅ አዳራሽ ከሆነ የመጀመሪያው ፈተና ጮክ ብሎ መጫወት ነው። ድሩስኪኒንካይ ውስጥ የቤተሰቡ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት፣ ክፍሎቹ ጠባብ። ልዑል ኦጊንስኪ የሰጡት ፒያኖም እዚያው አለ። በበጋ ፒያኖ ተጫዋቹ ቤት ውስጥ ሆኖ መስኮቱ ይከፈታል፤ አድማጩ ውጭ በአትክልቱ ስፍራ ይቀመጣል። እኔም በተማሪነቴ እዚያ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የገረመኝ ነገር አንድ ነው፤ በመስኮት የሚወጣው ድምፅ ትንሽ ሆኖ ሳለ የግራ እጁ ሐረግ ከቀኙ ዜማ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የማዝዘው እንዲህ ነው፦ መካከለኛ ድምፅ ከፍተኛሽ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለውን ደረጃ አብዢው። በለሆሳስና በለሆሳስ መካከል ብዙ ቦታ አለ።

አሁን ወደ ርዝመቱ። ፕሪሉድሽ ያላለቀ ሥራ አይደለም። ፕሪሉድ በጥንት ዘመን ከፊውግ ወይም ከጭፈራ ዜማዎች በፊት የሚጫወቱት መግቢያ ነበር፤ ቾፒን በ1839 የታተሙትን 24ቱን ፕሪሉዶች ሲጽፍ ግን ከኋላቸው ምንም አላስከተለም። ከእነርሱ ሰባተኛው፣ በኤ ሜጀር የተጻፈው፣ 16 ሜዠር ብቻ ነው። ያላለቀ ነው ያለ የለም። ቹርሊዮኒስ ሙዚቃን የተማረው የቾፒን ከተማ በሆነችው በዋርሶ ነው፤ የመጀመሪያ ፕሪሉዶቹም የቾፒን ልጆች መሆናቸውን አይደብቁም። በኋላ ቋንቋው ሲለወጥ አጭርነቱን ግን አልተወውም።

እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል። «ባሕር»ንና «በጫካ ውስጥ»ን በኦርኬስትራ ሲጫወቱ አንድም ቀን ሳይሰማ ሞተ። ለዚያ ሁሉ ኖታ የሚያስፈልጉትን ሙዚቀኞች ከየት ያምጣ? ፒያኖ ግን በየሄደበት ያገኛል። ፕሪሉዱን ጽፎ ያኔውኑ በራሱ ጣት ይሰማዋል፤ ያልጣመውን ይሰርዛል፣ የጣመውን ይተዋል። ለዚህም ይመስለኛል በእነዚህ ገጾች ላይ ትርፍ ኖታ የማላገኘው። ትልልቆቹ ሥራዎቹ ውብ ናቸው፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም ይረዝሙብኛል። ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

መጨረሻው ላይ አታዝግሚ። ተማሪ ሁሉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜዠሮች እየጎተተ «እነሆ ጨረስኩ» ማለት ይወዳል። ገጹ ላይ እንዲዘገይ የሚያዝ ምልክት ከሌለ በነበረው ፍጥነት ሂጂና ሐረጉ ሲያበቃ አብቂ። ድምፁ እስኪጠፋ እጅሽን ከቁልፎቹ ላይ አታንሺ፤ አዳራሹ ማጨብጨብ የሚጀምረው እጅሽ ሲነሣ ነውና።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሁለት የተለያዩ የቹርሊዮኒስ የፒያኖ መጻሕፍት አገኘሁ። በአንዱ ሥራዎቹ የኦፐስ (የድርሰት ተራ) ቁጥር አላቸው፤ በሌላው «ቪ.ኤል.» ከሚሉ ፊደላት ጋር ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር ተጽፏል። አንደኛው በፍጥነትና በድምፅ ምልክቶች የተሞላ ነው፤ ሁለተኛው ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል። የትኛው ትክክል ነው? (አንድ አባት)

መልስ፦ ሁለቱንም ያስቀምጧቸው፤ ልጅዎ ግን ከራቁቱ ይማር።

ቹርሊዮኒስ በሕይወት ሳለ ካሳተመው ሳያሳትም የተወው እጅግ ይበልጣል። ብዙው በእጅ ጽሑፍና በእርሳስ ረቂቅ ቀርቶ ነበር፤ የፍጥነት ምልክት የሌለው፣ ጮክ ይበል ዝግ ይበል የማይናገር። ታናሽ እኅቱ ያድቪጋ ቹርሊዮኒቴ የሕዝብ ዘፈን ተመራማሪ ነበረች፤ የፒያኖ ሥራዎቹን አሰናድታ በ1957 ቪልኒየስ ውስጥ አሳተመች። ውለታዋ ትልቅ ነው። ነገር ግን ለተጫዋቹ እንዲመች የተጨመሩ ምልክቶች ከደራሲው እጅ ከወጡት ጋር ሲደባለቁ፣ ከየትኛው አፍ ምን እንደወጣ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

«ቪ.ኤል.» የቪታውታስ ላንድስበርጊስ ስም ምሕጻር ነው። እኚህ ሰው በ1932 የተወለዱ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ተመራማሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የቹርሊዮኒስን የእጅ ጽሑፎች በመመርመር ነው። ሥራዎቹን ቁጥር ሰጥተው መዘገቡ፣ ደጋግመው አሰናድተው አሳተሙ፣ ራሳቸውም ተጫውተው በድምፅ አስቀዱ። በመካከሉ ደግሞ አንድ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ሊቱዌኒያን ከሶቪየት ኅብረት ለማላቀቅ የተነሣውን የሳዩዲስን እንቅስቃሴ መሩ፤ ማርች 11 ቀን 1990 የአገሪቱ ጠቅላይ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዕለት የነፃነት መመለስን አወጀ። አጥብቄ የምወዳቸው ግን ስለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮቻቸው ነው። ፖለቲከኛ ሌላም ይገኛል፤ የአንድን ሟች እርሳስ በአጉሊ መነጽር የሚያነብ ሰው አይገኝም።

ከእርሳቸው ወዲህ ዳሪዩስ ኩቺንስካስ የተባሉ ተመራማሪ ሥራዎቹን በተጻፉበት ጊዜ ቅደም ተከተል ዘርዝረዋል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ዓይነት ቁጥር ቢያጋጥምዎ አይደናገጡ። ማስታወሻ ሲይዙ የቪ.ኤል. ቁጥሩን ይጻፉ፤ ኮንሰርትም ሲዲም የሚጠቅሰው በብዛት እሱን ነው። «ፕሪሉድ፣ ዲ ማይነር» ብቻ ብለው ከጻፉ የትኛውን እንዳሉ ማንም አያውቅልዎትም።

ምልክት የሌለው ኖታ ልጅን ያስፈራል። ይፍራ። «እንዴት ልጫወተው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ከኖታው ውስጥ ይፈልግ። ዜማው ወዴት እንደሚወጣ፣ ግራው የት እንደሚከብድ አይቶ ድምፁን እሱ ይወስን። ከዚያ በኋላ ምልክት የበዛበትን መጽሐፍ ከፍቶ ያስተያይ። አንዳንዱን ይቀበላል፤ አንዳንዱን ሲያይ ይስቃል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ተከራክረናል። እሱ «ቹርሊዮኒስ ፖላንዳዊ ነው፤ ቤቱም የሚነገረው ፖላንድኛ ነበር» ይላል። እኔ ሊቱዌኒያዊ ነው እላለሁ። ይፍረዱን። (ተ.)

መልስ፦ ስለ ቤቱ ቋንቋ ጓደኛህ ልክ ነው። ያደገው በፖላንድኛ ነው፤ የተማረውም ዋርሶ ነው፤ ከልጅነት የመጣ ሊቱዌኒያኛ አልነበረውም። የተወለደባት አገር ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። ከ1864 እስከ 1904 ድረስም ሊቱዌኒያኛን በላቲን ፊደል ማተም የተከለከለ ነበር።

ስለ ሰውየው ፈቃድ ግን አንተ ልክ ነህ። በ1906 ለወንድሙ ለፖቪላስ በጻፈው ደብዳቤ ያለፈውንም የሚመጣውንም ሥራውን ሁሉ ለሊቱዌኒያ ለመስጠት እንደቆረጠ ይነግረዋል። በ1907 ወደ ቪልኒየስ ሄዶ በመጀመሪያው የሊቱዌኒያ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ሥዕሎቹን አሳየ። ጸሐፊዋን ሶፊያ ኪማንታይቴን ያገኘው እዚያ ነው፤ ቋንቋውን ያስተማረችውም እሷ ናት፤ በ1909 ተጋቡ። «ዩራቴ» የተባለ ኦፔራ አብረው ጀምረው ነበር፣ አልተፈጸመም። ሰው የሚሆነውን ራሱ መርጦ በጽሑፍ ካስቀመጠ ሌላው ሰው ምን ያከራክረዋል? የውርርዱን ገንዘብ ግን ለሁለት ተካፈሉት።

ጥያቄ፦ አእምሮው ታሞ እንደሞተ አንብቤያለሁ። በፕሪሉዶቹ ውስጥ ሕመሙ ይሰማል? (መ. አ.)

መልስ፦ አይሰማም፤ ሊሰማ የሚሻ ጆሮ ግን የትም ይሰማዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1909 ሥራና ዕውቅና ፍለጋ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመላለሰ፤ በችግርና በድካም ሰውነቱ ተሰበረ፣ በከባድ ድባቴ ወደቀ። በ1910 መጀመሪያ ዋርሶ አጠገብ ፑስቴልኒክ በተባለች ስፍራ ወዳለው የሕክምና ቤት ገባ። ሴት ልጁ ዳኑቴ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው፤ ሳያያት ቀረ። ኤፕሪል 10 ቀን 1911 በሳንባ ምች ሞተ። 35 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ቪልኒየስ ውስጥ በራሶስ መቃብር ነው።

ሲታመም ድርሰቱም ቆመ። የመጨረሻዎቹ ሥራዎች የ1909 ናቸው፤ እነርሱም እጅግ የተሰላ፣ መስመር ከመስመር የማይጠላለፍ ጽሑፍ አላቸው። የጎረበጠውን ድምፅ ሁሉ «እብደት» እያሉ የሚተረጉሙ ጸሐፊዎችን ሳነብ እናደዳለሁ። ጉርባጤው ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸው መስመሮች ሲገናኙ የሚመጣ ነው፤ ለሰ. እንዳስረዳሁት በጣት ተቆጥሮ የሚደረስበት።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ፒያኖ ተምሬያለሁ። ከቹርሊዮኒስ በምን ልጀምር? (ሐ.)

መልስ፦ ከ1904 በፊት ከጻፋቸው ፕሪሉዶችና ማዙርካዎች (በፖላንድ ጭፈራ ስልት የተጻፉ ሥራዎች) ጀምሪ። ቾፒን የነካ እጅ አይከብደውም፤ ዜማቸው ግልጽ ነው፤ ግራ እጁም ገና የሚታዘዝ ነው። ቀጥለሽ ከኖክተርኖቹ በሲ ሻርፕ ማይነር የተጻፈውን ሞክሪ፤ ቀኝ እጅሽ መዝፈን ከቻለ ይወድሻል። የኋለኞቹን ፕሪሉዶች ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ አንሺ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታጥኚ፣ የግራ እጅ ሐረጎቻቸው በጭንቅላትሽ ውስጥ ይደባለቃሉ።

እንቆቅልሽ የምትወጂ ከሆነ «ሴፋ ኤሴክ» የሚባሉትን የ1904 ቫሪዬሽኖች፣ ማለትም አንድን ሐሳብ እየለዋወጡ የሚያቀርቡ ክፍሎች፣ ፈልጊ። ስቴፋኒያ ሌስኪዬቪች ከተባለች ወዳጁ ስም ውስጥ በጀርመኖች አጠራር ኖታ የሚሆኑትን ፊደላት ብቻ ለቅሞ ዋናውን ሐሳብ የሠራው በእነርሱ ነው። የተመረጡ ኖታዎችን በቅደም ተከተል ይዞ ሙሉ ሥራ መገንባት በአውሮፓ ሙዚቃ መነጋገሪያ የሆነው ከዚህ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ለማንበብ ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው፤ ለማጥናት ግን ያታክታል፣ ምክንያቱም ጣትሽ የለመደው የስኬል መንገድ አይገኝበትም።

በቢ ፍላት ማይነር የተጻፈውን ፊውግ ግን ለአሁኑ አትንኪው። አራት ዓመት ይቆይሽ። ብትሰሚው ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ኖታውን ይዘሽ ስሚው፣ ዋናው ሐሳብ በገባ ቁጥርም በእርሳስ አክብቢበት። ከዚያ ጻፊልኝ፣ ስንት ጊዜ እንዳከበብሽ እንቆጥራለን።